«ፒንክ ፓንተር» ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ዓመተ ምሕረቱን እዩ

ዛሬ ማታ ኮሜዲ ተከራይታችሁ ዘና ልትሉ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህቺን አንብቡ። «ዘ ፒንክ ፓንተር» ብላችሁ ስትፈልጉ ሁለት ፊልም ይመጣላችኋል። ስማቸው አንድ ነው። ሮዙ የካርቱን እንስሳ በሁለቱም አለ። ሙዚቃውም ያው የሄንሪ ማንቺኒ ነው፣ ያ ሳክስፎኑ በጣት ቆሞ እንደሚሄድ ሌባ ሹልክ ሹልክ የሚለው። አንዱ የ1963 ነው፣ ሌላው የ2006። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።) ገንዘባችሁን የሚበላው የ2006ቱ ነው።

መጥፎ ፊልምማ ሞልቷል፣ ለእሱ ማስጠንቀቂያ አይጻፍም። ይሄኛው ግን የሚሸጠው በሰው ስም ነው። የፊልሙ መርማሪ ኢንስፔክተር ክሉዞ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፒተር ሴለርስን ነው። ከፍላችሁ ስትከፍቱት ስቲቭ ማርቲን ይወጣል። አንዴ ማየት ከጀመራችሁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተመላሽ የሚባል ነገር የለም።

የሚገርመው ሴለርስ ራሱ ለዚህ ሚና የመጀመሪያው ምርጫ አልነበረም። ሚናው የፒተር ዩስቲኖቭ ነበር። ቀረጻ ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ትቶ ወጣ፣ ሴለርስ ተጠራ። የፊልሙ ኮከብ ተብሎ የታሰበውም ሌባውን የሚጫወተው ዴቪድ ኒቨን ነበር። ሴለርስ ገባና ፊልሙን ጠቅልሎ ወሰደው። ዳይሬክተሩ ብሌክ ኤድዋርድስም ነገሩ ገባው፤ በ1964 «ኤ ሾት ኢን ዘ ዳርክ» የሚለውን ሠራ፣ እሱ ላይ ክሉዞ ዋናው ሰው ሆነ።

ልዩነቱን ለማየት አንድ ዕቃ ይበቃል፤ የምድር ሉል። በ1963ቱ ፊልም ክሉዞን መጀመሪያ የምናገኘው ቢሮው ውስጥ ነው። ኮስተር ብሎ ስለ ሌባው ያወራል። ሉሉን በእጁ ያሽከረክረዋል። ከዚያ ገና እየዞረ ባለው ሉል ላይ እጁን ሊያሳርፍ ይሞክራል። ወለሉ ላይ ዝርግት ይላል። ተነስቶም ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ይሆናል። የምትስቁት ሲወድቅ ብቻ አይደለም፣ ከተነሳ በኋላ ፊቱን ስታዩ ነው። ሰውየው የዓለም ምርጥ መርማሪ እንደሆነ አሁንም ቅንጣት አልተጠራጠረም።

በ2006ቱም ሉል አለ። ግን ግዙፍ አድርገውታል። ክሉዞ ሲነካካው ከማቆሚያው ይወጣል፣ ይንከባለላል፣ በኋላ ብስክሌት ነጂዎችን ይጠርጋቸዋል። ሉሉ ትልቅ፣ ጫጫታውም ትልቅ። ያ ፊት ግን የለም። በቃ፣ ፊልሙ ሙሉ ለሙሉ እንዲህ ነው የሚሄደው።

ስቲቭ ማርቲን ችሎታ የለውም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በ1984 በተሠራው «ኦል ኦፍ ሚ» ላይ ግማሽ ሰውነቱን የሴት መንፈስ ይዞበት፣ አንዱ እግሩ እንደ ወንድ ሌላው እንደ ሴት ሲራመድ ያየ ሰው ይህንን ሊል አይችልም። ክሉዞ ላይ ግን ቀልደኛ መሆኑን ያውቀዋል። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። አነጋገሩን ይለጥጣል፣ ቅንድቡን ያነሳል፣ ከዚያ «ሳቃችሁ?» የሚል ይመስላል። ሴለርስ ይህንን ጥያቄ አንድም ቀን አይጠይቅም ነበር።

የታሪኩ አሠራርም አላገዘውም። ስክሪፕቱን ከለን ብለም ጋር የጻፈው ማርቲን ራሱ ነው። አለቃው ድሬይፈስ፣ ኬቨን ክላይን ማለት ነው፣ ክሉዞን ከገጠር የሚያስመጣው ደደብ ስለሆነ ሆን ብሎ ነው። እሱ ሲወላከፍ አለቃው በጎን ጉዳዩን ፈትቶ ዝናውን ሊወስድ። እንግዲህ ገና ከጅምሩ ሰውየው ሞኝ መሆኑ ተነግሮን አለቀ። በድሮዎቹ ፊልሞች ሄርበርት ሎም የተጫወተው ድሬይፈስ ነርቩ የሚቃጠለው ክሉዞ እያበላሸ ሁልጊዜ ስለሚቀናው ነበር። ዓይኑ እየተርገበገበ ቀስ በቀስ እስከማበድ ይደርሳል። እኔን ብትጠይቁኝ ከክሉዞ ይልቅ በእሱ ነው ብዙ የሳቅኩት።

እውነት ለመናገር አንዲት ጥሩ ትዕይንት አለች። አነጋገር አስተማሪዋ ክሉዞን «ሀምበርገር መግዛት እፈልጋለሁ» የሚለውን በአሜሪካኖች አፍ ልታስብለው ትሞክራለች። ደጋግማ ትለዋለች፣ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ከአፉ የሚወጣው ግን ሌላ ፍጡር ነው። እዚህ ጋ ማርቲን የምሩን ነው የሚለፋው፣ ስለዚህ ያስቃል። ግን ለዚህች ብላችሁ አትክፈሉ። ቅንጭቡ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ሞልቷል። የቀረው አንድ ሰዓት ከምናምን ይህቺን እየጠበቁ ወይም እያስታወሱ የሚያልፍ ነው። ቢዮንሴም ዣን ሬኖም አሉበት፤ ዣን ሬኖ በትዕግሥት ቆሞ ያያል፣ እኛም እንደሱ።

«ብዙ ሰው አይቶታል እኮ» የሚለው እንዳያታልላችሁ። አዎ፣ በዓለም ዙሪያ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። የዚያኑ ዓመት ደግሞ ለጎልደን ራስፕቤሪ (የመጥፎ ፊልሞች ሽልማት ነው) የከፋ ሪሜክ ዘርፍ ታጭቷል፤ ሪሜክ ማለት የድሮ ፊልም እንደገና ሲሠራ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። የመጀመሪያው ስሙ የሠራው ነው፣ ሁለተኛው ፊልሙ።

ሪሜክ ሁሉ ይቅርባችሁ ማለት ግን አይደለም። ይኸው ስቲቭ ማርቲን በ1988 ከማይክል ኬን ጋር የሠራው «ደርቲ ሮተን ስካውንድረልስ» ሪሜክ ነው። የመጀመሪያው በ1964 የወጣው «ቤድታይም ስቶሪ» ነው፣ ማርሎን ብራንዶና ዴቪድ ኒቨን የተጫወቱበት። (ኒቨን ከዚህ ታሪክ አልወጣም ብሏል።) እኔ ሁለተኛው ይበልጣል ባይ ነኝ። እዚያ የተወረሰው የሁለት አጭበርባሪዎች ፉክክር ነው፣ ታሪኩ ማንም ጎበዝ ሰው ቢገባበት ይሠራል። ክሉዞ ላይ የሚወረስ ታሪክ የለም። ያለው የአንድ ሰው አቋቋምና ዓይን ነው። ስለዚህ ሪሜክ ልትከራዩ ስትሉ የፊተኛውን ለምን እንደወደዳችሁት አስቡ። ለታሪኩ ከሆነ ሞክሩት። ለሰውየው ከሆነ ብራችሁን ያዙ።

ሌላው ወጥመድ «ሙሉ ስብስብ» ተብሎ በአንድ ዋጋ የሚሸጠው ነው። ዝርዝሩን ሳታዩ እንዳትነኩት። በ1968 የወጣው «ኢንስፔክተር ክሉዞ» ላይ ያለው አለን አርኪን ነው። በ1993ቱ ላይ ሮቤርቶ ቤኒኚ የክሉዞ ልጅ ሆኖ ይመጣል። ከሁሉም የሚያሳፍረው የ1982ቱ «ትሬይል ኦፍ ዘ ፒንክ ፓንተር» ነው። ሴለርስ በ1980 ሞቷል፤ እነሱ ከድሮዎቹ ፊልሞች ተቆርጦ የተጣለውን ቀረጻ ለቃቅመው ፊልም አደረጉት። ሚስቱ ከስሳቸው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደላት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እንዲህ ለማለት አልነበረም።

ለክሉዞ አዲስ ከሆናችሁ በ1964ቱ «ኤ ሾት ኢን ዘ ዳርክ» ጀምሩ። የ1963ቱ ጥሩ ነው፣ ግን ኒቨን ይበዛበታል። ከዚያ የ1975ቱን «ዘ ሪተርን ኦፍ ዘ ፒንክ ፓንተር»ን እና የ1976ቱን «ዘ ፒንክ ፓንተር ስትራይክስ አጌን»ን አስከትሉ።

የ2006ቱ ደግሞ በ2009 ተከታይ ወጥቶለታል። ድሬይፈስን ከኬቨን ክላይን ተቀብሎ የሚጫወተው ታዋቂው ኮሜዲያን ጆን ክሊስ ነው። እሱ አለ ብላችሁ እንዳትጓጉ። ክሊስን ይዞ እንኳ አላሳቀም።