ከጉሎ ዘይት የተሠራው የዝናብ ጃኬት፦ ለደሴ ክረምት ይሆናል ወይ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ የልብስ ሱቅ የገዛሁትን የዝናብ ጃኬት ክረምቱን ሙሉ ለብሼዋለሁ። ዋጋው 6,500 ብር ነው። ውድ ነው፣ ምንም ማለት አይቻልም። በዚህ ብር ሰኞ ገበያ ወርዶ ሁለት ሦስት ሰልባጅ ማንሳት ይቻላል። እኔን የያዘኝ ግን የተንጠለጠለበት ወረቀት ነው፤ የውስጥ ቅቡ ከጉሎ ዘይት የተሠራ ነው ይላል። ወሎ ያደገ ሰው ይህን አንብቦ ዝም ብሎ አያልፍም። ጉሎ እኮ ሀረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም እስከ ባቲ ድረስ በየመንገዱ ዳርና በየአጥሩ ጥግ ማንም ሳይዘራው የሚበቅል ነገር ነው። ሻጩን ውሃ ያስገባል ወይ ብለው «አብሽር!» አለኝና ብርጭቆ ውሃ አምጥቶ እጅጌው ላይ ደፋበት።

አክስቴ ስትሰማ ሳቀች። «ጉሎማ አዲስ ምጣድ የምናሟሽበት ነው። ደግሞስ መርዝ አይደል እንዴ ልጄ?» አለችኝ።

ፍሬው መርዝ ነው፣ እውነቷን ነው። ሪሲን የሚባለው መርዝ ግን ፕሮቲን ስለሆነ ከዘይት ጋር አይሄድም፤ ፍሬው ሲጨመቅ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ዘይቱ የሚፈለገው በሌላ ጠባዩ ነው። 90 በመቶ የሚጠጋው ሪሲኖሌይክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት ውስጥ የማናገኘው ነገር አለው፤ ሰንሰለቱ መሀል ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ተጣምረው እንደ መያዣ ወጣ ብለዋል። በዚያ መያዣ አይሶሳይኔት ከሚባል ኬሚካል ጋር ይቆላለፍና ፖሊዩሬቴን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ይሆናል። ጃኬቱን ገልብጣችሁ በጣታችሁ ብትዳስሱት፣ ጨርቁ ላይ የተለጠፈችው ነጣ ያለች ስስ ለስላሳ ነገር እሷ ናት። ስትለጠጥ አትሰነጠቅም። ሽታም የላትም።

አሁን ወደ ዝናቡ። የሐምሌ ዝናብ ጦሳን ሸፍኖ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ደሴ የኖረ ያውቀዋል። ለሥራ ኩታበር ስመላለስ፣ ከመኪና ወርጄ በእግር ስሄድ፣ ደረቴና ጀርባዬ አልራሰም። ብርዱ ላይ ሽቅብ ስወጣም እንደ ላስቲክ ካፖርት ላቤን ቋጥሮ አላስጨነቀኝም። ይህ ቅብ ቀዳዳ የለውም፤ የላቡን እንፋሎት ራሱ መጥጦ ወደ ውጭ ያሳልፋል። ያ የሚሆነው ግን ውስጡ ሞቆና ረጥቦ፣ ውጪው ቀዝቀዝ ሲል ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ ሸጋ ነው፣ ደላንታም ሆነ ወገልጤና ይዛችሁት ብትሄዱ አታፍሩበትም። ኮምቦልቻ በሞቃት ዝናብ ልበሱት ግን፣ ትቀቀላላችሁ። የባቲን ነገር ተዉት።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። አዲስ ሳለ ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ይንከባለላል። ትንሽ ቆይቶ የላይኛው ጨርቅ ውሃ እየጠጣ ይጠቁራል፣ ሰውነት ላይም ይቀዘቅዛል፣ ያኔ ሁሉም ሰው «ይኸው ማስገባት ጀመረ» ይላል። አላስገባም። ውሃ የሚያንከባልለው የላይኛው ቅባት ሌላ ነው፣ ውሃ የሚያግደው የውስጡ ቅብ ሌላ። የላዩ በቆሻሻና በዱቄት ሳሙና ርዝራዥ ይደክማል። በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፣ በደንብ ማለቅለቅ፣ ከደረቀ በኋላ ጨርቅ ጣል አድርጎበት በዝቅተኛ ሙቀት መተኮስ፤ የኔ በዚህ ተመልሷል። የአምራቹን ምልክት ግን ቀድማችሁ እዩ፣ አይተኮስም የሚልም አለ።

እና «ከዕፅዋት» የሚለውን ቃል ሻጮቹ እያጋነኑት ነው። ጉሎው የቅቡ አንድ ክፍል እንጂ ሙሉው ጃኬት አይደለም። አይሶሳይኔቱ በአብዛኛው ከነዳጅ ነው የሚመጣው፤ የላዩ ናይለንም እንደዚያው። ከጉሎ ዘይት ናይለን መሥራት አይቻልም ማለቴ አይደለም፣ ናይለን 11 የሚባለው ከሱ ነው የሚሠራው፣ ግን ውድ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ በመቶ ስንት እንደሆነ ፈልጉ። በላብራቶሪ የሚለካ ነገር ነው፤ የዕፅዋት ካርቦን ውስጥ ካርቦን 14 የሚባል፣ በጊዜ ብዛት እየከሰመ የሚሄድ የካርቦን ዓይነት አለ፣ ሚሊዮን ዓመታት መሬት ውስጥ የኖረው ነዳጅ ውስጥ ያለው ግን አልቋል። የኔ ወረቀት ቁጥር አይጽፍም፣ በዚህ ነጥብ ቀንሼበታለሁ። ሻጩ ደግሞ «ሲያረጅ ብትጥለው መሬት ውስጥ ይበሰብሳል» ብሎኝ ነበር። የለም። ከጉሎ ቢመጣም ፖሊዩሬቴን ፖሊዩሬቴን ነው፣ እንደ ቅጠል አይበሰብስም።

አዲስ ግኝት ነው የሚሉትም አይዋጥልኝም። ማኪንቶሽ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1823 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያወጣበት የዝናብ ጨርቅ በሁለት ጨርቆች መሀል የተቀባ የዛፍ ጎማ ነበር። የአውሮፓ መርከበኞች ሸራ ላይ የተልባ ዘይት እየቀቡ፣ አየር ሲያገኘው እየደረቀ እንደ ቆዳ ሲጠነክር ይለብሱት ነበር። የኛ እረኛ ገሳም ሣር ነው። ነዳጅ ነው ኋላ የመጣው።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። የትከሻው ስፌት ላይ ከውስጥ የተለጠፈው ማሸጊያ፣ የቦርሳ ማንጠልጠያ የሚፈትገው ቦታ ላይ ጫፉ መነሳት ጀምሯል፤ ውሃ የሚገባ ከሆነ መጀመሪያ በዚያ ነው የሚገባው። ኮፍያው ጠባብ ነው፣ ሻሽ ወይም ነጠላ ለተከናነበች ሴት ጭራሽ አይሆንም። የኪሱ ዚፕ ይነክሳል። ከሰል አጠገብም አትቀመጡበት፣ አንዲት ፍንጣሪ ትበሳዋለች።

ለማስቀመጥ ደግሞ፣ እርጥብ እያለ አጣጥፋችሁ ሳጥን ውስጥ አትክተቱት። ፖሊዩሬቴን ከእርጥበትና ከሙቀት ጋር ሲከርም ይፈርሳል። የሰልባጅ ጃኬት ውስጡ እየተጣበቀ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲራገፍ ያየ ሰው ምክንያቱ ይኸው ነው፣ የጉሎውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

ደጋ ለሚሠራ፣ በእግር ለሚሄድ ሰው ግዙ እላለሁ። ከመነኻሪያ ቢሮ፣ ከቢሮ መነኻሪያ ለሚል ሰው ዣንጥላ ይበቃዋል። ስትገዙ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ፤ ሐምሌ ላይ ደሴ ከሥር ሹራብ ሳይለብሱ የሚወጣ የለም።