የአሮጌ ጀልባ ሞተር ካርቡሬተር ላስቸገራችሁ፦ እኚህን መካኒክ ልጠቁማችሁ

ምስጋናዬን በአፍ ብነግራቸውም አልወጣልኝምና ለእናንተም ልንገራችሁ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ የተሠራ፣ ሁለት ሲሊንደርና 18 የፈረስ ጉልበት ያለው ጆንሰን የጀልባ ሞተር አለኝ። በጣም የምወደው ሞተር ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ግን መከራዬን አሳይቶኛል። ገመዱን ስጎትት ክንዴ እስኪዝል ድረስ አይነሣም፤ ተነሥቶም ወደ ሚኒሞ (ወደ ዝቅተኛው ዙር) ሳወርደው ይጠፋል፤ ነዳጅ ስሰጠው አየርና ቤንዚን በሚቀላቅለው ዕቃ፣ በካርቡሬተሩ አፍ ያስነጥሳል፤ ቾኩን በግማሽ ካልያዝኩለት አይጓዝም። ቆሞ ሲያድር ደግሞ ከሥሩ ቤንዚን ያንጠባጥባል። አንድ ጊዜ ለሌላ ሰው ሰጥቼው «ካርቡሬተሩ ታጥቧል» ተብዬ ተረክቤዋለሁ። ሳምንት ሳይሞላው ወደ ነበረበት ተመለሰ።

እኚህ አባት ሞተሩን ሲቀበሉኝ ካርቡሬተሩን አልነኩትም። መጀመሪያ ሁለቱንም ካንዴላ ፈትተው የየሲሊንደሩን ግፊት ለኩ፤ ከዚያ የካንዴላውን እሳት በሁለቱም በኩል አዩ። «ልጄ፣ የታመመው ሌላ ከሆነ ካርቡሬተር አጥቦ መመለስ ገንዘብህን መብላት ነው» አሉኝ። ሁሉም ደኅና መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ነው ወደ ካርቡሬተሩ የዞሩት። ስለ ቾኩ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለዋወጠ። ቾክ አየሩን አፍኖ ቤንዚኑን ስለሚያበዛ፣ በቾክ ብቻ የሚሄድ ሞተር ነዳጅ የጠማው ሞተር ነው። እንደ እኔው ያለ ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ውስጡ የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ በሚገባው ዘይት ነው። ቤንዚኑ ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል፤ ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩን ይቧጭራል። ይህን ሳላውቅ ሁለት ዓመት ነድቼዋለሁ። ስለዚህች ማስጠንቀቂያ ብቻ እንኳ ባመሰግናቸው አይበዛባቸውም።

ካርቡሬተሩ ሲከፈት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ከሥር ባለችው የነዳጅ ጽዋ ግድግዳ ላይ ማር የመሰለ ቡናማ ነገር ተጋግሯል፤ ቆሞ የከረመ ቤንዚን ሲተን የሚተወው ዝቃጭ ነው። ጽዋዋ ስትሞላ ከፍ ብሎ የነዳጁን መግቢያ የሚያዘጋው ተንሳፋፊ ከቡሽ የተሠራ ነው። መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ቡሽ አይመስልም፣ እንደ ረጠበ እንጨት ይከብዳል። የድሮዎቹ ቡሾች የሚቀቡት ሼላክ በአልኮል ይሟሟል፤ የዛሬው ቤንዚን ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤታኖል አለበት። ቅቡ ሲለቅ ቡሹ ነዳጅ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ መርፌውን ገፍቶ የነዳጁን መግቢያ መዝጋት ያቅተዋል። ሌሊት የሚንጠባጠበው ለካ በዚህ ምክንያት ነበር።

ቤንዚኑ እንዲህ እየፈሰሰ ሞተሩ እንዴት ይጠማል? እዚህ ላይ ነው ሙያቸውን ያየሁት። የማጠቢያውን ፈሳሽ በአንዱ መተላለፊያ ረጩና የካርቡሬተሩን አፍ ወደ ብርሃን አዙረው «ተመልከት» አሉኝ። አየሩን ከምትከፍተውና ከምትዘጋው ቢራቢሮ አጠገብ ቤንዚን የሚወጣባቸው፣ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። ከአንዷ ብቻ ቀጭን ክር የመሰለ ፈሳሽ ወጣ፤ ሁለቱ ደረቅ ናቸው። ከጀርባቸው ያለችው ጠባብ ክፍል በክብ የቆርቆሮ ክዳን የተደፈነች ናት፤ በፊት «ታጥቧል» ያለኝ ሰው ክዳኗን አላነሣትም። እሳቸው ሰርስረው አነሷት። ውስጧ በቅርፊት ተሞልቷል። የብረት ሽቦ ግን አላስገቡም፤ ቀዳዳው በጥቂቱ እንኳ ቢሰፋ ልኩ ጠፋ ማለት ነው። በፈሳሽ ዘፈዘፉ፣ በኮምፕሬሰር አየር ነፉ፣ እምቢ ላለችው ለስላሳ የመዳብ ክር አሳለፉባት። እንደገና ሲረጩ ሦስቱም ክሮች እኩል ወጡ። እውነቴን ነው፣ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

የተቀረውን ላሳጥረው። ነዳጅ የማይጠጣ አዲስ ተንሳፋፊ፣ መርፌው ከነመቀመጫው፣ ጓርኒሲዮኖቹ ሁሉ ተቀየሩ። የሚኒሞ ማስተካከያውን መርፌ በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ፤ ጫፉ ላይ ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ጭረት አለ። አንድ ሰው በካቻቢቴ አስጨንቆ አጥብቆታል። አዲሱን በጣታቸው ብቻ እስኪነካ ድረስ አዙረው፣ አንድ ዙር ተኩል ወደ ኋላ መለሱት። የነዳጁን ፓምፕ ስስ ጎማና የተሰነጣጠቀውን ቱቦም ለወጡ፤ ከሚፈረፈር ቱቦ ጋር ንጹሕ ካርቡሬተር መግጠም መልሶ መድፈን ነው።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳቸው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ተገጥሞ ስላለቀ ሥራው አለቀ አላሉም። ውሃ ውስጥ ሳይገባ ለአፍታ እንኳ አላስነሡትም፤ የማቀዝቀዣው ፓምፕ ጎማ በደረቁ ይቃጠላል። ጀልባው ላይ አስረን፣ እስኪሞቅ ጠብቀን፣ ማርሽ አስገብተን፣ የሚኒሞውን መርፌ በአንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ እያዞሩ በየመሃሉ ዝም ብለው አዳመጡ። ሲያስነጥስ ከፈት፣ ሲያጨስና ሲያጉረመርም ዘጋ ያደርጉታል። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ጠራ። እጃቸውን አነሡ፤ ከዚያ ወዲህ ሚኒሞ ላይ ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ለሚቸኩል ሰው አልጠቁማቸውም። 9 ቀን ወስዶባቸዋል፣ አብዛኛውም ዕቃ መጠበቅ ነው። የጆንሰን ሞተር መመረት ካቆመ ቆይቷል፤ የዚያው ኩባንያ ምርት የነበረው እህቱ ኤቪንሩድም በአውሮፓውያኑ 2020 ቆሟል። የካርቡሬተር መጠገኛ ዕቃ ግን ሌሎች አምራቾች አሁንም ያወጣሉ፤ እሳቸው የሞዴሉን ቁጥር አንብበው ትክክለኛው እስኪመጣ ድረስ «ይሆናል» ብለው ሌላ አይገጥሙም። የቀየሩትን አሮጌ ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥረው መልሰውልኛል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ የምትጠቀሙበትን ቤንዚን በጥቂቱ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።