ፒቪሲ ግድግዳ በደሴ፦ ከ22 ወር በኋላ

ከሁሉ አስቀድሜ ልናገር፤ ግድግዳችንን ያለበስንበት የፕላስቲክ ጣውላ፣ ፒቪሲው፣ አልተበላሸም። የተበላሸው ግድግዳችን ነው። ይህን ለይቼ እስካውቅ ግን አንድ ሙሉ ክረምት፣ ሦስት የተሰበሩ ፍሬዎችና አንድ የአይጥ ቤተሰብ አልፈዋል።

ቤታችን ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። ደሴን ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። ለማያውቅ ግን፦ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጠዋት በር ሲከፈት ጉሙ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሐምሌ ላይ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶም አይደርቅም። ቤቱ የተሠራው ተዳፋቱ ተቆርጦ ስለሆነ የሳሎኑ የኋላ ግድግዳ ከዳገቱ ጋር ተፋጦ ነው የሚኖረው። የጭቃ ቤት ነው። ከዓመታት በፊት ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ያኔ እንደ ትልቅ እድገት ነበር የቆጠርነው።

ይህ ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ይረጥባል። ቀለሙ ያብጣል፣ ይላላጣል፣ ነጭ ዱቄት ይተፋል። ሁለት ጊዜ ፍቀን፣ ስቱኮ አድርገን፣ ፕላስቲክ ቀለም ቀብተናል። ሁለቱም ጊዜ መስከረም ሳይጠባ ወደ ነበረበት ተመለሰ። በመጨረሻ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ፒቪሲ እናልብሰው አልን። ይህ የሆነው ታኅሣሥ 2016 ነው።

ግድግዳው 3.8 ሜትር ርዝመትና 2.8 ሜትር ከፍታ አለው። የአንዱ ፒቪሲ ስፋት 25 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው። 16 ፍሬ ይበቃ ነበር፤ አንድ መጠባበቂያ ጨመርን። አንድ! የዚያን ቀን ስስቴ ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍሎኛል። ዋጋ ካነሳሁ አይቀር፣ ቁጥሩን አልጽፍም፤ ዛሬ እዚሁ ደሴ ፒያሳ የጠየቃችሁት በሳምንቱ ሌላ ነው። ግን ይህን ያዙ፦ ከጠቅላላ ወጪያችን ፒቪሲው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር። ሌላው ለሞራሌ (ፒቪሲው የሚመታበት እንጨት)፣ ለፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዝ)፣ ለብሎን፣ ለማዕዘንና ለጠርዝ ማያያዣ፣ ለሲሊኮንና ለአናጢው እጅ ሄደ። "በፍሬ ስንት ነው?" ብላችሁ አባዝታችሁ ብቻ ከቤት አትውጡ።

የመረጥኩት የሚያብለጨልጭ እምነበረድ መሳይ ነው። ሱቁ ውስጥ አንዱን ፍሬ ብቻ ሳየው ልቤ ሄደ። 16ቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የልጆቼ አባት ከሥራ ገብቶ ቆሞ አየውና "ፀጉር ቤት ከፈትን እንዴ?" አለ። እውነቱን ነው። ማታ የአምፖሉ ብርሃን ግድግዳው ላይ ስለሚያርፍ ቴሌቪዥን ስናይ ራሳችንንም አብረን እናያለን። ዛሬ ብገዛ የማያብለጨልጨውን፣ ደብዘዝ ያለውን ነው የምወስደው። ስትመርጡ ቢያንስ አራት ፍሬ አስገጥማችሁ፣ ራቅ ብላችሁ እዩት።

ሥራው ቀን ተኩል ብቻ ነው የፈጀው። አናጢው በትራፓኖ እየበሳ ሞራሌዎቹን አግድም በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት መታ። ከዚያ ፍሬዎቹን ወንዱን (ምላሱን) ከሴቱ እያስገባ አቆማቸው። አሸዋ የለ፣ ውሃ የለ፣ "እስኪደርቅ ጠብቁ" የለ። በማግስቱ ሶፋውን መልሰን እንግዳ ጠራን።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ሙገሳ ብቻ ነበሩ። የምሬን ነው፣ ፒቪሲ የሚመሰገንበት ብዙ ነገር አለው። ቤታችን ቡና በቀን ሁለት ጊዜ ይፈላል። እጣኑ ይጨሳል፣ "አቦል! ጀባ!" ይባላል። ለዓመታት የዚያ ጭስ ጥላሸት ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ይቀር ነበር። አሁን እርጥብ ጨርቅ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ውስጥ ነክሬ እጠርገዋለሁ፣ አለቀ። ልጄ በእስክሪብቶ የሳለቻትን ድመት እንኳ በአልኮል አጥፍቻታለሁ። አሴቶን ግን አታስጠጉት፤ ፊቱን ይበላዋል። ቅዝቃዜውም ቢሆን ቀነስ ብሏል። በብርዱ ሰሞን ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ የድሮው ዓይነት ብርድ አይሰማኝም። ፍሬው ውስጡ ባዶ ስለሆነ፣ ከኋላውም የሞራሌው ክፍተት ስላለ፣ አየሩ ትንሽ ይከላከላል። ትንሽ ነው ያልኩት፤ ጋቢውን አላስጣለንም።

ያ ባዶነቱ ግን ደካማ ጎኑም ነው። ኳስ ወይም የወንበር ጀርባ ጠንከር አድርጎ ከነካው ይሰረጉዳል፤ የተሰረጎደ አይመለስም። ቴሌቪዥን እሱ ላይ መስቀል ፈጽሞ አይታሰብም። መስቀያው ፒቪሲውን አልፎ ሞራሌውን ወይም ግድግዳውን መያዝ አለበት። እኛ ለዚያ ቦታ ተጨማሪ ሞራሌ እንዲመታ አስቀድመን አልነገርንም። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ እስካሁን ጠረጴዛ ላይ ነው።

እሳቱን ደግሞ አደራ። ፒቪሲ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ካለፈ አቅሙ ይከዳዋል፤ 80 አካባቢ ይለሰልሳል። የከሰል ምድጃ አጠገቡ ማስቀመጥ ማለት ግድግዳውን መጥበስ ነው። ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ ውስጥ ሃይድሮጂን ክሎራይድ አለ፤ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። ረከቦቱን ወደ መስኮቱ ያዛወርኩት ለዚህ ነው። ሻማም ግድግዳው ሥር አይበራም።

ወደ ክረምቱ ከመግባቴ በፊት ስለ እህቴ ላውራ፤ እሷም ተመሳሳዩን ገዝታለችና። እህቴ ኮምቦልቻ ናት። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ። እሷ የወጥ ቤቱን ግድግዳና የመኝታ ቤቱን ኮርኒስ ነው ያሠራችው። የእኔ ችግር እርጥበት ሲሆን የእሷ ሙቀት ነው። ፒቪሲ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ለእያንዳንዱ ሜትር በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። የ3 ሜትር ፍሬ በ20 ዲግሪ ልዩነት ግን 4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የእሷ አናጢ ኮርኒሱን ከግድግዳ ግድግዳ አጥብቆ ስለገጠመው፣ ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል መሄጃ አጥቶ መሐሉ ሆዱን ነፋ። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ "ጧ! ጧ!" እያለ ይመለሳል። መጀመሪያ ሰሞን ሌባ መስሏቸው ተነስተው ነበር። ጫፍና ጫፉ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ቢተውለት ይህ አይመጣም ነበር፤ ክፍተቱን የጠርዝ ማያያዣው ይሸፍነዋል። የምዕራብ ፀሐይ በመስኮት የሚመታው ቁራጭም ወደ ቢጫ እያደላ ነው። ወጥ ቤቷ ግን ያስቀናል። የሽንኩርትና የዘይት ፍንጣቂ በአንድ ጥርጊያ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሐምሌ።

ክረምቱ ከገባ ሦስተኛ ሳምንት ላይ ሳሎኑ መሽተት ጀመረ። እንደ ቆየ እርጥብ ጆንያ ዓይነት ሽታ ነው። ምንጣፉን አጠብኩ፣ የሶፋውን ትራስ አሰጣሁ፣ እጣን አበዛሁ። ግድግዳው እንደሆነ ያበራል! እሱን ማን ይጠረጥራል? ነሐሴ ላይ ማታ ማታ ከውስጡ መቧጨር መሰማት ጀመረ።

መስከረም 2017 አናጢውን አስጠራሁት። ፒቪሲ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ መሐሉን ብቻ ነቅሎ ማየት አይቻልም። የሚፈታው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ሲፈታ ሦስት ፍሬ ከምላሱ ላይ ተሰበረ። ከኋላው ያየሁትን አልረሳውም። የታችኛው አንድ ሜትር በጥቁር ሻጋታ ተሸፍኗል። የታችኛው ሞራሌ ጣቴን ስጭነው እንደ ዳቦ ገባልኝ። ማዕዘኑ ላይ የአይጥ ጎጆ፤ ከጎጆው ውስጥ ደግሞ የልጄ የጠፋ ካልሲ።

አናጢው ላይ ጮህኩ። እሱ ሞራሌውን እያገላበጠ ቀስ ብሎ፣ "እህቴ፣ አልብስ አልሽኝ፣ አለበስኩ። አድርቅ አላልሽኝም" አለ። ተናደድኩ፤ ግን ምን እመልሳለሁ?

ሰፈሩ ሁሉ አባባ የሚላቸው ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምተው መጡ። የእሳቸው ቤት ከእኛው ተዳፋት ላይ፣ ከእኛው ዳገት ሥር ነው። የጭቃ ነው፤ በጭቃና በጤፍ ጭድ ተመርጎ ኖራ የተቀባ። ሲሚንቶ አልነካውም። የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት ከፍ ብሎ ይታያል፣ የጣሪያው ክፈፍ ወደ ውጭ ረዘም ይላል። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ከቤታቸው ኋላ ሲቆፍሩ አያለሁ። "እኒህ ሰው ምን ጠፍቷቸው ነው?" እል ነበር። አባባ ሻጋታውን አይተው ሳቁ። "ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ጠምቶት የጠጣ መሰለሽ? እናንተው ናችሁ ያጠጣችሁት።" ከዚያ ወደ ኋላ ወስደው አሳዩኝ። ቦይ የለንም። ነበረ፣ ደፍነነዋል። አሸንዳው ተቀዶ የጣሪያው ውሃ ግድግዳው እግር ላይ ይወርዳል። የዳገቱ ውሃም እዚያው ይጠራቀማል። ጭቃው ከታች ይመጥጠዋል፤ ሲሚንቶው በሁለቱም በኩል ስለዘጋው መተንፈሻ የለውም። ድሮ ቢያንስ በቀለሙ በኩል ወደ ቤት ይተን ነበር። እኛ ያንንም በፒቪሲ ደፈንነው።

የልጆቼ አባት አላመነም፤ "የቤት ውስጥ እንፋሎት ይሆናል" አለ። ቀላል ፈተና አለ። አንድ ክንድ ያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጎ ሁለት ቀን መተው ነው። ጠሉ በእናንተ በኩል ከታየ እርጥበቱ ከክፍሉ አየር ነው። ከላስቲኩ ኋላ ከታየ ከግድግዳው ነው። የእኛው ከኋላ ነበር፣ ያውም ተንጠባጥቦ።

ጥገናው ከፒቪሲው ይልቅ ጊዜ ወሰደ። ከግድግዳው አንድ ሜትር ርቀን 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ አስቆፈርን። ውሃው እንዲሄድ ለእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ሰጠነው፣ ድንጋይና ጠጠር ሞላነው። አሸንዳው ተቀይሮ ውሃው ወደ በርሜል ገባ፤ አሁን ልብስ የማጥበው በእሱ ነው። ከውስጥ በኩል ያለውን ሲሚንቶ እስከ አንድ ሜትር አስፍቀን ባዶውን ተውነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሳሎናችን የፈረሰ ቤት መስሎ ከረመ። እንግዳ ሲመጣ አንሶላ እጋርደው ነበር።

ጥር 2017 ፒቪሲው ተመልሶ ተሰቀለ፣ ግን በሌላ አሠራር። አግድም የተመቱት ሞራሌዎች አየር እንዳይዘጉ በየቦታው ተቆርጠው ክፍተት ተተወላቸው። ከታችና ከኮርኒሱ ሥር ሁለት ጣት ተከፈተ። የታችኛው ክፍተት በወንፊት ሽቦ ተሸፈነ፤ ለምን እንደሆነ ካልሲው ይናገራል። የማዕዘኑ የመጨረሻ ፍሬ ሳይጣበቅ በብሎን ብቻ ተያዘ፣ በፈለግኩ ጊዜ ፈትቼ እንዳይ። ለተሰበሩት ሦስት ፍሬ አንዷን መጠባበቂያ አወጣሁ፤ ሁለት ልገዛ ስሄድ ያው ሱቅ፣ ያው ስም፣ ግን ቀለሙ አልገጠመም። በሌላ ጊዜ የገባ ዕቃ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ትርፍ ግዙ የምለው ለዚህ ነው።

የ2017 ክረምትም አለፈ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የማዕዘኑን ፍሬ በካቻቢቴ ፈትቼ አየሁ። ደረቅ ነው ብዬ አልዋሽም። የግራው ጥግ አንድ ስንዝር ያህል ይረጥባል፤ እዚያ ጋ ቦዩ በጎረቤት አጥር ምክንያት አጠር ብሏል። ሻጋታ ግን የለም። ሽታ የለም። መቧጨርም የለም።

ድጋሚ ትገዢዋለሽ ወይ ለሚለኝ፦ ለወጥ ቤት ዛሬውኑ። ለደረቅ ግድግዳ፣ አዎ። ለሚረጥብ ግድግዳ ግን መጀመሪያ ከቤቱ ኋላ ዙሩና እግሩን እዩት። እንዲያውም አሁን ቦዩ ከተሠራ በኋላ ያን ግድግዳ በጭቃ አስመርጌ ኖራ ብቀባው ይበቃኝ ነበር እላለሁ። ይህን ስል የልጆቼ አባት ጮክ ብሎ አይስቅም፤ ወደ ውጭ ይወጣል።

ቀለማቸው ያልገጠመው ሁለት ፍሬዎች ከቡፌው ኋላ ናቸው። እንግዳ አያያቸውም። ልጄ ግን የመጣውን ሁሉ እጁን ይዛ ወስዳ "አይጧ እዚህ ጋ ነበረች" ትላለች።