ስምንት ወር ከቤት ኤስፕሬሶ ማሽን ጋር፦ ማሽኑን ስወቅስ ከረምኩ፣ ጥፋተኛው መፍጫው ነበር

ማሽኑ ከካርቶኑ በወጣ በመጀመሪያው ጠዋት የቀዳሁት ቡና ሰባት ሰከንድ እንኳ የፈጀ አይመስለኝም። ፓምፑ ማጓራት ጀመረ፣ ስኒውን በወጉ ሳላስተካክል ሞልቶ ፈሰሰ። መልኩ ሻይ፣ ጣዕሙ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ። በልቤ «አለቀልኝ፣ ተበላሁ» አልኩ። ዛሬ ስምንት ወር ሞልቶኛል። ማሽኑ ያው ነው፣ ፓምፑም ያው፤ ጠዋት ጠዋት የሚወርደው ግን እንደ ማር እየተሳበ ነው። በመካከሉ የተቀየረው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ አብዛኛው ማሽኑን አይመለከትም።

መጀመሪያ ዕቃውን እንተዋወቅ። አንድ ቦይለር (ውሃውን የሚያሞቀው ጋን) ያለው ትንሽ ማሽን ነው። ውሃ መያዣው ከኋላ፣ የእንፋሎት ቧንቧው ከጎን ነው። ቡና የሚሞላበት እጀታ (ፖርታፊልተር የሚባለው) 58 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ከባድ ብረት ነው። ሦስት ማብሪያ ማጥፊያና አንድ የእንፋሎት መክፈቻ፣ በቃ። ስክሪን የለውም፣ ከስልክ ጋር አይነጋገርም። የገዛሁትም ለዚህ ነው፤ የሚበላሽ ነገር ሲያንስ የሚጠገነውም ያንሳል በሚል ስሌት። እስካሁን ስሌቱ አልከሸፈም።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «15 ባር» ተጽፏል፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። እኔም የዋሁ፣ ባሩ በበዛ ቁጥር ቡናው ይጥማል ብዬ ነበር። 15 ባር ፓምፑ መግፋት የሚችለው የመጨረሻ አቅም እንጂ ኤስፕሬሶ የሚፈልገው ግፊት አይደለም። ለኤስፕሬሶ 9 ባር አካባቢ ይበቃል፤ ትርፉን ውስጥ ያለው ቫልቭ ወደ ውሃ መያዣው ይመልሰዋል። ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። የጥንቶቹ ማሽኖች የሚሠሩት በእንፋሎት ብቻ ስለነበር ግፊታቸው ከአንድ ባር ተኩል ብዙም አይዘልም ነበር። ጣሊያናዊው አኪሌ ጋጂያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በማንሻና በስፕሪንግ የሚሠራውን ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ ግፊቱ ተተኮሰ፤ ዛሬ ክሬማ የምንለው ወርቃማ አረፋም ያኔ ነው ስኒው ላይ ብቅ ያለው። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ፋኤማ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ኢ61 የሚለውን ማሽን ሲያወጣ የክንድን ሥራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተረከበው። ስሙ ውስጥ ያለው «ኢ» በዚያ ዓመት ከታየው የፀሐይ ግርዶሽ የመጣ ነው። ቤቴ ያለው ትንሹ ሳጥን የእነዚያ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ከማሽኑ ጋር ሁለት ዓይነት የማጣሪያ ሳህን ይመጣል። አንዱን ወደ መብራት አንስታችሁ ስታዩት እንደ ወንፊት በቀዳዳ የተሞላ ነው። ሁለተኛው ከውስጥ ሲያዩት ያው ወንፊት ነው፣ ከታች ግን መርፌ የማታስገባ አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለችው። ይህ ባለ ሁለት ድርቡ ነው። ቡናው እንዴትም ቢፈጭ ያቺ ቀዳዳ ራሷ ግፊት ትፈጥርና አረፋ ይወጣል። ለሁለት ሳምንት በሱ ተጠቀምኩ፤ እንግዳ ሲመጣ አረፋውን አይቶ ያደንቃል፣ እኔም ደረቴን እነፋለሁ። አረፋው ግን የሳሙና ዓይነት ነው፣ ወዲያው ይበናል፤ ከሥሩ ያለውም ቡና ለብ ያለ ጭቃ ውሃ ነው። እውነቱን የምናገር ከሆነ ይህ ሳህን ለጀማሪ ማታለያ ነው። የሚጠቅመው ተፈጭቶ የታሸገ ቡና ብቻ ላለው ሰው ነው።

ባለ አንድ ድርቡን ስገጥም ያ የሰባት ሰከንድ ጎርፍ ተመለሰ። እዚህ ላይ ነው ማሽኑን መራገም የጀመርኩት። ፓምፑ ደካማ ነው አልኩ፣ ቴርሞስታቱ (ሙቀት መቆጣጠሪያው) ተበላሽቷል አልኩ፣ አንድ ቀን ማታ ክዳኑን ፈትቼ ውስጡን በባትሪ ስፈትሽ ባለቤቴ ደርሳብኝ «ምን ጠፍቶህ ነው?» አለችኝ። የጠፋኝ መፍጫ ነበር። ቤት ያለው ምላጭ የሚሽከረከርበት መፍጫ ነው፤ ቡናውን አይፈጨውም፣ ይከታትፈዋል። ግማሹ አፈር፣ ግማሹ ጠጠር ሆኖ ይወጣል። ውሃ ደግሞ ሰነፍ ነው፣ በቀለለው በኩል ይሾልካል፤ ጠጠሩ መሃል መንገድ ያገኝና አፈሩን ሳይነካው ያልፋል። ጎምዛዛነቱም መራራነቱም በአንድ ስኒ የሚገናኙት በዚህ ምክንያት ነው።

በሁለተኛው ወር ባለ ጥርስ የእጅ መፍጫ ገዛሁ፣ የብረት ጥርሶቹ ተጠጋግተው ፍሬውን የሚያደቁት ዓይነት። የዚያን ቀን ማሽኑ የተቀየረ መሰለኝ። ገንዘብ እቆጥባለሁ የሚል ሰው ካለ ምክሬ አጭር ነው፦ ከማሽኑ ላይ ቀንሶ መፍጫው ላይ ይጨምር። እጅ ይደክማል፣ ለአንድ ስኒ አንድ ደቂቃ አካባቢ ማዞር አለ፤ እኔ ግን ለምጄዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ልኬት ነው። አንድ አሥረኛ ግራም የምታነብ ሚዛን ያስፈልጋል፤ በማንኪያ ግምት አይሆንም። የጀመርኩት ሁሉም በሚጀምርበት ነው፤ 18 ግራም የተፈጨ ቡና አስገብቶ 36 ግራም ፈሳሽ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ማውረድ። ከዚያ ከፈጠነ አድቅቆ መፍጨት፣ ጠብ ጠብ እያለ ከዘገየ ትንሽ ማሻከር። ሕጉ አንድ ነው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ይህን ሕግ ጥሼ መጠኑንም አፈጫጩንም አጠቃጠቁንም አብሬ ስነካካ ያቃጠልኩት ቡና አንድ ሙሉ ከረጢት ነው። ሌላው ዘግይቶ የገባኝ፣ መፍጫውን ካስተካከሉ በኋላ ጥርሱ ላይ የቀረ የቀድሞ ዱቄት አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ስኒ ይዋሻል። ጥቂት ፍሬ ፈጭቶ መድፋት ነው እንጂ በሱ መፍረድ አይገባም።

ቡናው ራሱም ቀን ይቆጥራል። ትናንት የተቆላ ቡና አምጥቼ ተደስቼ ስቀዳው፣ እንደ ቢራ አረፋ ተነፍቶ ወጣና ጣዕሙ የተሳለ ነገር ሆነብኝ። ከተቆላ በኋላ ፍሬው ውስጥ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገና ስላልወጣ ነው። አሁን ሳምንት፣ አንዳንዴ አሥር ቀን አስቀምጬ ነው የምከፍተው። ወር ሲያልፈው ደግሞ በዚያው አፈጫጭ ይፈጥናል፤ ይበልጥ እያደቀቁ መከተል ነው።

ቀጥሎ መጠቅጠቅ አለ። አብሮ የሚመጣው መጠቅጠቂያ ፕላስቲክ ነው፣ ለሳህኑም ይጠበዋል፤ ዳር ዳሩን ሳይነካ ያልፋል። ከሁሉም የናቅሁት ክፍል እሱ ነው። ልኩ የሆነ የብረት መጠቅጠቂያ እስክገዛ ድረስ ቡናው በዳር እየሸሸ አስቸገረኝ። በኃይል መጫን ዋጋ የለውም፤ ዋናው ቀጥ ብሎ መጫን ነው። ከዚያ በፊት ግን ዱቄቱ መበተን አለበት። እኔ አራት ቀጫጭን መርፌ ቡሽ ላይ ሰክቼ የሠራሁት ማማሰያ አለኝ፤ ሳህኑ ውስጥ ክብ እየሠራሁ የተጓጎለውን እፈታታለሁ። ቀልድ የሚመስል ዕቃ ነው፣ ልዩነቱ ግን ከታች ክፍት የሆነ እጀታ ስጠቀም በዓይኔ ይታየኛል። በደንብ ካልተበተነ ከሳህኑ ሥር አንድ ቀጭን ክር ቡና ተወርውሮ ሸሚዜ ላይ ያርፋል። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ቡና አልቀዳም፣ ያን ተማርኩ።

የማሞቂያው ነገር ላይ አምራቹ አልተናገረም። መብራቱ በጥቂት ደቂቃ «ዝግጁ» ይላል፤ ውሃው እንጂ ብረቱ ግን አልተዘጋጀም። እጀታውን ገጥሜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ካላቆየሁት ቡናው ይጎመዝዛል፣ ምክንያቱም 90 ዲግሪ ያለፈው ውሃ ቀዝቃዛ ብረት ነክቶ ይወርዳል። ስለዚህ ከአልጋ ወርጄ መጀመሪያ የምነካው ማብሪያውን ነው፣ ከዚያ ፊቴን እታጠባለሁ።

ወተት ጠጪዋ ባለቤቴ ናት፤ ማኪያቶዋን ሳላሳምር ስሰጣት ፊቷ ላይ ይነበባል። በአንድ ቦይለር ቡናም እንፋሎትም መሥራት ወረፋ ነው፤ ቡናውን አውርዶ፣ የእንፋሎቱን ማብሪያ ተጭኖ፣ እስኪግል ቆሞ መጠበቅ። ለአንድ ሰው ምንም አይደል፣ አራት እንግዳ ሲመጣ ግን ያስለቅሳል። ወተቱ ከፍሪጅ እንደወጣ ይሁን። የቧንቧው ጫፍ ከወተቱ ገጽ ትንሽ ጠልቆ ወረቀት ሲቀደድ የሚመስል «ጭስ ጭስ» ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ ካሰማ በኋላ ወደ ውስጥ ዝቅ አድርጎ እንዲሽከረከር መተው ነው። ጆጉን በመዳፍ መያዝ ሲያቅት 60 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል ማለት ነው፤ ከ70 ካለፈ ጣፋጭነቱ ይሄዳል። ቧንቧውን ወዲያው በጨርቅ ጠርጎ አንድ ጊዜ እንፋሎት ማስተንፈስ ግዴታ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ወተቱን ወደ ውስጥ ይስባል። አንድ ሳምንት ብሰንፍ ቀዳዳው ተደፍኖ በመርፌ ስቆፍር ዋልኩ። ከእንፋሎት በኋላ ሌላ ቡና መሥራት የፈለገ ደግሞ ቦይለሩ ከመጠን በላይ ግሏልና፣ መንተክተኩና መትፋቱ እስኪያቆም ውሃ ያፍስስ፤ አለበለዚያ የሚቃጠል ነገር ይጠጣል።

የሚያናድዱኝን ልጨርስ። ከታች ያለው የፍሳሽ ትሪ ከማንጠባጠቢያው አፍ በጣም ስለሚቀርብ ሚዛን አስቀምጬ መደበኛ ኩባያ አይገባልኝም፤ ትንሽ ስኒ ብቻ ነው። ፓምፑ ሲሠራ ንዝረቱ ስኒውን በዝግታ ወደ ጠርዝ ያስኬደዋል፤ አንዱ ስኒ እንደዚያ ተሰብሯል። ውሃ መያዣውን ለመሙላት ማሽኑን ከግድግዳው መሳብ ግድ ነው።

በሰባተኛው ወር እጀታው የሚቆምበት ቦታ ወደ ቀኝ እያለፈ መሄዱን አየሁ፤ ብዙም አላሰብኩበትም። ከዚያ አንድ ጠዋት በዳሩ ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ። እጀታው ሲገጠም ውሃ እንዳያፈስ የሚደፍነው ጎማ በሙቀት ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። አሮጌው በዊንዲቨር እየተሰባበረ ነው የወጣው፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፣ አዲሱ በአንድ ግፊት ገባ። ጠቃሚ ምልክት ነው፤ እጀታው ከለመደው ቦታ ካለፈ ማንጠባጠብ ሳይጀምር ጎማ እዘዙ።

ጽዳቱ ከፈራሁት ያነሰ ነው። ማታ ማታ ከላይ ያለውን ወንፊት በብሩሽ እፈትጋለሁ፤ በሳምንት አንዴ ቀዳዳ የሌለውን ሳህን ገጥሜ በማጽጃ ዱቄት ውሃው ወደ ኋላ እየተመለሰ ውስጡን እንዲያጥብ አደርጋለሁ። ይህ የሚሆነው ግፊቱን ወደ ትሪው የሚያስተነፍስ ቫልቭ ላለው ማሽን ብቻ ነው፤ ከቀዳችሁ በኋላ አተላው ደርቆ ከወጣ አላችሁ ማለት ነው፣ ጭቃ ሆኖ ከቀረ ምናልባት የላችሁም። ውሃዬ ኖራ ስለሚበዛበት በማጣሪያ አልፎ ነው የሚገባው፤ ኖራ ማስወገጃውን እስካሁን ሁለቴ አድርጌያለሁ።

ይህን ማሽን ድጋሚ እገዛዋለሁ? ቡና ብቻ ለሚጠጣ ሰው አዎ፤ ወተት የሚበዛበት ቤት ከሆነ ሁለት ቦይለር ያለውን ይፈልግ። መፍጫ ሳይገዛ ግን አንዱንም አይግዛ። ዛሬ ጠዋት በ28ኛው ሰከንድ 36 ግራም ላይ አቆምኩት፤ ነገ ከረጢቱ አዲስ ነው፣ እንደገና ከዜሮ።