የተበላ ብሎን ለማውጣት ምን ልግዛ? ባይስ ግሪፕ፣ ኤክስትራክተር ወይስ በመዶሻ የሚመታው ካቻቢቴ

ክረምት በወጣ ቁጥር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «የሞተሬ የፕላስቲክ ሽፋን አልፈታ አለኝ። የብሎኑ ራስ ተበልቷል። ምን ልግዛ?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ እዚሁ ባሕር ዳር ደርት ባይክ፣ የጭቃና የአቧራ መንገድ ሞተር፣ የሚነዱ ጓደኞቼ ናቸው። አንዳንዱ ለሥራ ወደ ፎገራና ወደ ደራ ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ቅዳሜና እሑድን ጠብቆ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ጢስ ዓባይ ይሄዳል። የፎገራ ዋልካ አንዴ ፓራፋንጎ ሥር ከገባ ደርቆ ጡብ ይሆናል። ብሎኑ እዚያ ውስጥ ተቀብሮ ይከርማል። ጥቅምት ላይ ሊፈታ ሲሞከር ቁልፉ ይዞራል፣ ብሎኑ አይዞርም።

ለሁሉም በየተራ ከምመልስ አንድ ቦታ ልጻፈው። ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚሆን ገንዘብ ካላችሁ ባይስ ግሪፕ ግዙ። ነክሶ የሚቆለፈውን ፒንሳ ማለቴ ነው። ኤክስትራክተር፣ የተበሳ ብሎን ውስጥ ገብቶ ወደ ግራ እየዞረ የሚያወጣውን፣ አትግዙ። በመዶሻ የሚመታው ካቻቢቴ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን ለፕላስቲክ አይደለም።

ይህን የምለው ከፍዬበት ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከታንኩ ጎን ያለውን፣ ራዲያተሩን የሚከልለውን ሽፋን ልፈታ ተነሳሁ። ሦስቱ ብሎኖች ወጡ፣ አራተኛው እምቢ አለ። ራሱ ክብ፣ መሐሉ ባለ ስድስት ጠርዝ ቀዳዳ፣ በ4 ሚሊ ብሩጎላ የሚፈታ ነበር። ብሩጎላው ሁለቴ ተንሸራተተና ስድስቱ ጠርዝ ጠፍቶ ክብ ቀዳዳ ሆነ። በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አምስት ፍሬ ኤክስትራክተር በ650 ብር ገዛሁ። ባለ 3 ሚሊ ፑንታ፣ የትራፓኖ መብሻውን፣ በ90 ብር ጨመርኩ። ሻጩ «ይሄ የማይፈታው ብሎን የለም» አለኝ። አመንኩት።

ብሎኑን በሳሁት፣ ኤክስትራክተሩን አስገባሁ፣ ወደ ግራ ማዞር ጀመርኩ። ግማሽ ዙር ሳይሞላ ቀጭ አለ። ስባሪው ብሎኑ ውስጥ ቀረ። ኤክስትራክተር የሚሠራው ከጠነከረ ብረት ነው። ስለዚህ ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። ከተሰበረ ደግሞ ተራ ፑንታ አይበሳውም። እኔ ይህን ስላላወቅኩ በላዩ ላይ ሁለት ፑንታ ጨረስኩ፤ ሌላ 180 ብር።

በመጨረሻ ዓባይ ማዶ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። ጎንበስ ብለው አዩትና «ልጄ፣ ውስጡን ተወው፤ ውጩን ያዝ» አሉኝ። በሞረድ የብሎኑን ክብ ራስ ግራና ቀኝ ሞርደው ጠፍጣፋ አደረጉት። ያረጀ ባይስ ግሪፕ አወጡ። አስነከሱት፣ ቆለፉት፣ አዞሩት። ከነስባሪው ወጣ። ጠቅላላው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። 200 ብር ከፈልኳቸው።

ሂሳቡን እንደምር። 650፣ 90፣ 180 እና 200፤ አንድ ላይ 1,120 ብር። ለአንድ ብሎን! በዚያው ሳምንት ባለ 7 ኢንች ባይስ ግሪፕ በ700 ብር ገዛሁ። እስካሁን የራሴንና የጓደኞቼን ሞተር ብሎን ሳወጣበት ቆይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ለዚህ ጉዳይ አንድ ብር አልከፈልኩም።

ነገሩ የዋጋ ብቻ አይደለም። የደርት ባይክ ፕላስቲክ ብሎን ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። ራሱ ከፕላስቲኩ በላይ ቆሞ ይታያል። አብዛኛው 6 ሚሊ ብሎን ነው፣ በ8 ወይም በ10 ቁልፍ የሚፈታ። አንዳንዱ እንደ እኔ ባለ ብሩጎላ ነው። ያም ሆነ ይህ የሚነከስ ራስ አለው። መሐሉ ቢበላም ዙሪያው ጤነኛ ነው። ታዲያ ጤነኛው ክፍል እያለ የታመመውን መቆፈር ለምን አስፈለገ?

ራሱ ጨርሶ ቢያልቅም መንገድ አለ። በተራ ፑንታ ከመሐል ጀምራችሁ የብሎኑን ራስ ብቻ ቁረጡት። ራሱ ሲወድቅ ፕላስቲኩ በነፃነት ይወጣል። ፕላስቲኩ ከተነሳ በኋላ የብሎኑ አንገት ጥቂት ሚሊሜትር ወጣ ብሎ ይቀራል። ይህቺ ጥቂት ሚሊሜትር ለባይስ ግሪፕ ትበቃዋለች። ትራፓኖውን ግን በዝግታ ንዱ፣ እያረፋችሁ፣ እርጥብ ጨርቅ ዙሪያውን አድርጋችሁ። የእነዚህ ሞተሮች ፕላስቲክ አብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። የጋለ ፑንታ እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይወስድበትም።

ኤክስትራክተር ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ቅርጹ ሾጣጣ ነው። ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ብሎኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል። 6 ሚሊ ብሎን 3 ሚሊ ቀዳዳ ከበሳችሁበት የሚቀረው ግድግዳ በጣም ቀጭን ነው። ተለጥጦ ጥርሱን ይብሱን ያጣብቀዋል። ለማላቀቅ ያስገባችሁት ዕቃ ብሎኑን አጥብቆት ያርፋል ማለት ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ኤክስትራክተርን እቀበለዋለሁ። ብሎኑ ሻሲው ውስጥ ከአፉ እኩል ከተሰበረና ምንም የሚነከስ ነገር ከሌለ። ያን ጊዜ እንኳ የ650 ብሩን ሳይሆን ደህናውን ነው የምፈልገው፤ ባለፈው ስጠይቅ 2,400 ብር ብለውኛል። ለአንድ ቀን ሥራ ይህን ከማውጣት ለበያጅ 300 ብር ከፍሎ ስባሪው ላይ ዳዶ ማስበየድ ይሻላል። ብየዳው የሚሠራው ግን ብሎኑ ሻሲ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ በፊትም ፕላስቲኩ፣ ታንኩና ባትሪው ከሞተሩ ይውረዱ።

ታንክ ላይ ያለ ብሎንን ማንም እንዳይበይድባችሁ። እሳት እንዲነካውም አትፍቀዱ። «ቤንዚኑን ቀድተን አውጥተናል፣ ባዶ ነው» የሚሉ አሉ። እንዲያውም ባዶ ታንክ የበለጠ ያስፈራል። ውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ሲደባለቅ ነው የሚፈነዳው። በዚህ ነገር ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

በመዶሻ ወደሚመታው ካቻቢቴ ልምጣ። ቅዳሜ ገበያ 1,900 ብር ነው የጠየቁኝ፣ 1,700 ድረስ ወረዱ። ሲመታ ምቱን ወደ ዙር ይለውጠዋል። ለሞተር ክዳን፣ ለክላች ሽፋን ቪቴ የሚተካው የለም። ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ከጀርባ ጠንካራ መደገፊያ። ፕላስቲክ ምቱን እየተወዛወዘ ይውጠዋል፤ ብሎኑ ጋ የሚደርሰው ትንሽ ነው፣ ስንጥቁ ግን ለፕላስቲኩ ይተርፋል። ሁለተኛ፣ የቪቴው አፍ ገና ያልተበላ መሆን አለበት። ከተበላ ጫፉ የሚይዘው የለውም። ስለዚህ ይህ ዕቃ ከመበላቱ በፊት ነው የሚጠቅመው። የእኔ ጓደኞች የሚደውሉት ከተበላ በኋላ ነው።

ስለ መበላት ካነሳን፣ የጃፓን ሞተር ያላችሁ ባለ መስቀል ቪቴውን ልብ ብላችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ራሱ ላይ ትንሽ ነጥብ አለች። የጃፓን ስታንዳርድ መሆኑን ነው የምታሳየው። ተራው መስቀል ካቻቢቴ እዚያ ውስጥ በደንብ አይቀመጥም፤ እየወጣ ይበላዋል። ባለ ስድስት ጠርዝ ራስ ላይም ባለ 12 ጠርዝ ቡሽላ አትጠቀሙ። ባለ 6ቱ ጎኑን ይዞ ይፈታል፤ ባለ 12ቱ ማዕዘኑን ይልጣል።

አሁን ባይስ ግሪፑን ስትገዙ። ዋጋው ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ፣ ከፍ ብሏል። እኔ ባለፈው ሳምንት ዞሬ የሰማሁት ይህን ነው። ባለ 10 ኢንቹ 850፣ ባለ 7ቱ 700። ርካሽ ተብሎ 380 የተጠራልኝም አለ፤ እሱን ተዉት። ያገለገለ የአሜሪካ ሥሪት 2,500 ጠይቀውኛል። ዕቃውን የፈለሰፈው ነብራስካ ውስጥ ይኖር የነበረ ከዴንማርክ የሄደ አንጥረኛ ነው፤ የሚቆለፈውን እጀታ በ1924 እ.ኤ.አ. ነው በፓተንት ያስመዘገበው። አሮጌው አሁንም ይሠራል፤ ግን ለፕላስቲክ ብሎን 2,500 አያስወጣም። ባለ 7ቱ ይበቃል። ባለ 10ሩ በታንክና በሻሲ መሐል አይገባም።

የ380ውን አንድ ጓደኛዬ ገዝቶት ነበር። በሦስተኛው ብሎን ጥርሱ ተላጠ። ብረቱ ለስላሳ ስለነበር ብሎኑ ጥርሱን በላው። ላዩ ላይ «ክሮም ቫናዲየም» የሚል ተጽፎበታል፤ ጽሑፉ ለማንም ይጻፋል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ አሮጌ ብሎን በኪሳችሁ ያዙ። አስነክሱትና ቆልፉት። ብሎኑ ላይ የጥርስ ምልክት ከወጣ ደህና ነው። ጥርሱ ላይ ጭረት ከታየ አስቀምጡትና ውጡ። መንጋጋውን ዘግታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ ሁለቱ ከንፈሮች እኩል ካልገጠሙ አትግዙ። የእጀታው ሪቪትም መወዛወዝ የለበትም። ሻጩ ቢቆጣ ሌላ ሱቅ አለ።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ ነገር ብቻ ላስረዝም። የፕላስቲክ ታንክ ላይ ያለው ብሎን ብዙ ጊዜ የሚገባው ፕላስቲኩ ውስጥ በተቀበረ የነሐስ ዳዶ ነው። ይህ ዳዶ ከፕላስቲኩ ከተላቀቀ አብሮ ይዞራል፤ ያኔ ወጪው ይመጣል። ያገለገለ ታንክ 12,000 ብር ጠይቀውኛል። ስለዚህ ከማታ ጀምሮ ዘይት ጠብ አድርጉበትና ይደር። ደብሊውዲ 40 ካገኛችሁ ይሁን፤ ስሙ ራሱ «ውሃ ማባረሪያ፣ 40ኛ ሙከራ» ማለት ነው፣ ለዛገ ብሎን ተብሎ የተሠራ አይደለም። ለዝገት ተብሎ የሚሸጠው ይሻላል። የፍሬን ዘይት ግን አታስጠጉ፤ ቀለም ያነሳል። ጠዋት ግሪፑን አጥብቃችሁ ቆልፉና መጀመሪያ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ በቀስታ። ብሎኑ ሲዞር ካልወጣ ዳዶው አብሮት እየዞረ ነውና አቁሙ። ካቻቢቴ ከራሱ ሥር አስገብታችሁ ወደ ውጭ እየሳባችሁ አዙሩ።

ሲወጣ አሮጌውን ብሎን መልሳችሁ አትሰሩበት። አዲስ 6 ሚሊ ብሎን ከነሮንዴላው 25 ብር ነው። ጥርሱ ላይ ትንሽ ግራሶ ቀቡና በጣት አስገቡት፤ በቁልፍ የምታጠብቁት መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። እኔ ስምንት ፍሬ በ200 ብር ገዝቼ በላስቲክ ጠቅልዬ መቀመጫው ሥር አድርጌያለሁ።