የቼዝ ኦፕኒንግ ዝርዝር የምትፈልጉ የባሕር ዳር ወላጆች፣ ፔዳ ያለውን የኮፒ ቤት ልጅ ሳታዩ ብር እንዳታወጡ

እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ ደግሞም ልጆቻችሁ ቼዝ የሚጫወቱ ወላጆች እኔ የተንገላታሁትን እንዳትንገላቱ ብዬ ነው። ፔዳ አካባቢ ኮፒ ቤት ያለው አንድ ወጣት አለ። ስሜን እንዳትጽፊ ብሎ ስላስማለኝ አልጽፍም። ያ ልጅ ዕድሜና ጤና ይስጠው፣ ያሰበው ሁሉ ይሳካለት።

የመጨረሻዋ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ቼዝ ልክፍት ሆኖባታል። ሐይቁ ዳር ትንሽ አሳ ቤት አለችኝ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሰሌዳዋን ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋና ከጀልባ ነጂዎቹ ጋር ትፋለማለች። እነሱም መንገደኛ እስኪመጣላቸው ድረስ ሥራ ስለሌላቸው ደስ ይላቸዋል። ታዲያ ለውድድር የሚያዘጋጃት ሰው «የኦፕኒንጎችን ስም ከነአካሄዳቸው የያዘ ዝርዝር ፈልጊና አጥኚ» አላት። ኦፕኒንግ የሚሉት ጨዋታው ሲጀመር የሚደረጉትን የመጀመሪያ እርምጃዎች ነው። በቃ። የቱን ዝርዝር፣ ከየት፣ ስንቱን የሚል ነገር የለም። እኔ ደግሞ ከቼዝ የማውቀው ፈረሱን ብቻ ነው፣ እሱንም ፈረስ ስለሚመስል።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አበሳ ልንገራችሁ። አስጠኚ ነኝ የሚል ሰው አገኘሁ። የወሩን ክፍያ አስቀድሞ ተቀበለና ልጄን ስም ብቻ ያስሸመድዳት ጀመር። ሲሲሊያን፣ ፍሬንች፣ ካሮ ካን፣ ናይዶርፍ እያለች እንደ ዳዊት ትደግመዋለች፤ ሰሌዳ ላይ ስትቀመጥ ግን የቱ የቱ እንደሆነ አታውቅም። ጀልባ ነጂው ያልተጠበቀ ነገር ሲገፋባት ዓይኗ ይቀላል። ሰውየውን «ልጄ፣ አካሄዱንስ?» ብለው «ይሄ ለእርስዎ አይገባዎትም» አለኝ። እውነት ነው አይገባኝም። የልጄ ፊት ግን ይገባኛል።

ሌላው ደግሞ ስልኬ ላይ ያገኘሁት ቻናል ነው። «ከአንድ ሺህ በላይ ኦፕኒንግ በአንድ ፋይል» ይላል። ብሩን ላክሁ። የመጣው ፒዲኤፍ ገሚሱ ሩሲያኛ ነው። ስጠይቅ ብሎክ አደረጉኝ። እሺ ይሁን፣ ገሚሱም ይጠቅማል ብዬ ፕሪንት ላስደርግ አንድ ቤት ይዤ ሄድሁ፤ ሳያዩ ሳይጠይቁ ያንን ሁሉ ገጽ ለቀቁት። ስገልጠው የጠጠሮቹ ምልክት መውጣት ያለበት ቦታ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኗል። ሳጥን፣ ቁጥር፣ ሳጥን፣ ቁጥር። «ፋይሉ ነው እንጂ እኛ አይደለንም» ብለው ሙሉ ሒሳብ ተቀበሉኝ። የስፓይራል ጥረዛውን ጭምር! የየትኛው ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ እግዜር ልቦና ይስጣቸው።

ፔዳ ያለው ልጅ ጋ የሄድሁት ለቼዝ አልነበረም። የንግድ ፈቃዴን ለማሳደስ ኮፒ የሚያስፈልገው ወረቀት ነበረኝ። ልጄ ያን ክምር ታቅፋ ከጎኔ ቆማለች። እሱ ኮፒውን እያነሳ አሻግሮ አየና «ቼዝ ትጫወቻለሽ?» አላት። እኔን አይደለም የጠየቀው፣ እሷን ነው። ይህን አስተውሉልኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ቼዟ የሚያወሩት ሁሉ ከእኔ ጋር ነበር፣ ብሩ እኔ ጋ ስላለ።

ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና መልሶ አጠፈው። «የተጫወትሽውን የምትመዘግቢበት ደብተር አለሽ?» አላት። ከቦርሳዋ አወጣች። ከመሳቢያው የሚጠቀለል የፕላስቲክ ሰሌዳ አውጥቶ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ዘረጋና ደብተሯን እያየ ጨዋታዎቿን አንድ በአንድ ያንቀሳቅስ ጀመር። ተማሪ ተሰልፏል፣ «ወንድሜ ቶሎ በል» ይላሉ፣ እሱ «አንዴ፣ አንዴ» ይላል። ከዚያ ቀና ብሎ «ነጭ ስትይዢ ሁሌ የምትጫወችው ጣሊያንን ነው፤ ታውቂያለሽ?» አላት።

አታውቅም ነበር። ያ ሁሉ ስም ሲሸመደድ ከርሞ፣ ራሷ በየቀኑ የምትጫወተው ስም እንዳለው ማንም አልነገራትም።

ያሳያትን እኔም ቆሜ አየሁት። ሁለቱም ወገን ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ይገፋሉ፣ ፈረስ ያወጣሉ፣ ከዚያ ነጭ ቢሾፑን ሲ4 በሚባለው የሰሌዳው ቤት ላይ ሲያቆመው ጣሊያን ይሆናል። ያንኑ ቢሾፕ አንድ ቤት ጨምሮ ቢ5 ላይ ካደረሰው ስፓኒሽ ነው። በአንድ ቤት አገር ተለወጠ! ልጄ ጣቷን ቢሾፑ ላይ አድርጋ ወደፊት ወደኋላ፣ ወደፊት ወደኋላ እያለች ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ የከፈልሁት ብር ሁሉ ምን ሊገዛልኝ እንደነበር ገባኝ።

ስለ ዝርዝሩ የነገረንን የያዝሁትን ያህል ልጻፍላችሁ። ቤልግሬድ ላይ ከ1974 ጀምሮ የታተመ የኦፕኒንጎች ኢንሳይክሎፒዲያ አለ፤ በአምስት ቅጽ፣ ከኤ እስከ ኢ። በእያንዳንዱ ፊደል ሥር ከ00 እስከ 99 ስለሚቆጠር በጠቅላላው 500 ኮድ ነው። ዛሬም በዓለም ላይ ብዙ ቼዝ ተጫዋች የሚግባባው በዚህ ነው። ሲሲሊያን ከቢ20 እስከ ቢ99፣ ፍሬንች ከሲ00 እስከ ሲ19፣ ስፓኒሽ ከሲ60 እስከ ሲ99። የልጄ ጣሊያን ደግሞ ከሲ50 ይጀምራል።

ኮዱ ምን ይረዳል ካላችሁ፣ ስም ያታልላል። አንዱ ዝርዝር ሩይ ሎፔዝ ይላል፣ ሌላው ስፓኒሽ፤ ነገሩ ያው ነው። ሩይ ሎፔዝ በ1561 ስለ ቼዝ መጽሐፍ ያሳተመ ስፔናዊ ቄስ ነው አለን። አንዱ ፔትሮፍ ይላል፣ ሌላው የሩሲያ ጨዋታ፤ ሁለቱም ሲ42 እና ሲ43 ላይ ናቸው። ያ አስጠኚ ሁለቱን ለየብቻ አስሸምድዷት ነበር፣ ጉድ እኮ ነው።

ስም ይዞ መፈለግ ብቻ አይበቃም አላት ደግሞ። ከንግሥቲቱ ፊት ያለውን ወታደር ገፋ፣ ለጥቁር ኢ6 ገፋ፣ ከዚያ ለነጭ የንጉሡን ወታደር ኢ4 ላይ አወጣና «አሁን የት ደረስን?» አላት። ፍሬንች ሆኖ አረፈው፣ በሌላ በር ገብቶ። «ግራ ሲገባሽ የቆመውን ሰሌዳ ፈልጊ እንጂ ስሙን አትፈልጊ» አላትና ኮምፒውተሩ ላይ ሊቼስ የሚባለውን የቼዝ ድረ ገጽ ከፍቶ አሳያት። በነጻ ነው፤ ጠጠሩን ስታንቀሳቅሱ ስሙንና ኮዱን ራሱ ይጽፍላችኋል። ኔት ሲኖር ማለት ነው እንግዲህ። ኔት ስለሚጠፋ ነው ወረቀት ያስፈለገን።

ወረቀቱን ስጠይቀው ያለኝን አልረሳውም። «እትየ፣ ሙሉውን ባትምልዎት እኔ ገንዘብ አገኝበታለሁ፤ ለእሷ ግን አሁን አይጠቅማትም። ነገ ይምጡ» አለኝ። እስኪ ተመልከቱት! የሚሸጠው ገጽ ነው፣ ገጽ አልሸጥም አለ።

በማግስቱ ስንሄድ ፊትና ጀርባ የሆነች አንዲት ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀን። ከደብተሯ ያገኛቸውን ብቻ ነው ያስገባው፤ እሷ የምትጫወታቸውንና የጀልባ ነጂዎቹ የሚገፉባትን። ኮዱ፣ ስሙ፣ ሌላ ስም ካለው ሌላው ስም፣ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች። በስተቀኝ ባዶ ዓምድ ትቷል፤ «ይሄን አንቺ ነሽ የምትሞይው፣ የት ላይ እንደተሸነፍሽ ጻፊበት» አላት። የሳጥን ምልክት የለ፣ ሩሲያኛ የለ። ከዚያ «አሳ ቤት ውስጥ ወረቀት አይበረክትም» ብሎ በነጻ ላሚኔት አደረገላት፤ ባዶው ዓምድ በፓርከር ተጽፎ በጨርቅ ይጠረጋል። ለዚህ ሁሉ የተቀበለኝ የሁለት ገጽ ፕሪንት ዋጋ ነው። ልጨምርልህ ብል እጁን ወደኋላ አደረገ። ቆሮሶ ጠብሼ ላክሁለት፣ እሱን እንኳ ስንት ተለምኖ ነው የተቀበለው።

አሁን አልፎ አልፎ እዚያው እንሄዳለን፣ ወረቀቷም እያደገች ነው። ሲመቸው ወሬውም ጥሩ ነው። ፍሬንች የተባለው በ1834 ፓሪስና ለንደን በደብዳቤ ሲጋጠሙ ፓሪሶቹ ስለተጫወቱት ነው ይላታል። በዝንጀሮ ዘመድ ስም ኦራንጉታን የተባለ አለ፣ ኤ00 ውስጥ፤ ታርታኮወር የሚባል ተጫዋች በ1924 ኒው ዮርክ ላይ መካነ አራዊት ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ የተጫወተው ነው። ልጄ ይሄን ሰምታ ጀልባ ነጂዎቹን ሁሉ በኦራንጉታን ፈጀቻቸው። ቢያንስ ለመፍጀት ሞከረች።

አያቴ ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር ስለው ደግሞ ሥራውን አቆመ። ለካ የጥንቱ የእኛ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለበትም፤ ሁለቱም ያለ ተራ ጠጠራቸውን እየገፉ ያሰልፋሉ፣ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። ያ ያለ ተራ የሚገፋበት ጊዜ ወረራ ይባላል። «እዚያ ላይ የምን ኮድ ትሰጫለሽ?» ይላታል። አያቴ ያን ያህል የሚጮሁት ለምን እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

ልጄ አሁንም ትሸነፋለች፣ አልዋሻችሁም። ግን ደብተሯ አናት ላይ ኮድ ትጽፋለች፣ ማታ ወረቀቷን ከፍታ «ሲ54 ላይ ነው የተበላሸብኝ» ትለኛለች፤ እኔም እሺ እላለሁ። ጀልባ ነጂዎቹም ሲመጡ «ዛሬ ቢ ነው ሲ?» ይሏታል።

ስለዚህ እባካችሁ ወደዚህ ልጅ ሂዱ። ለቼዝ ባይሆንም ለኮፒ፣ ለጥረዛ፣ ለሪሰርች ጽሑፍም ቢሆን እሱ ጋ ሂዱ፤ ወረቀታችሁን አይቶ ነው የሚያትመው። ፔዳ ደርሳችሁ ቼዝ የሚያውቀው የኮፒ ቤት ልጅ ብትሉ የባጃጅ ሹፌሮቹ ያሳዩአችኋል። ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ የተጫወተበትን ደብተርም። ወረቀቷን ወደ ውድድር ጠረጴዛ ይዞ መቅረብ ክልክል ስለሆነ ቤት አስቀምጡት። ጠዋት ጠዋት ተማሪ ስለሚበዛበት ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፤ ዋጋም አትከራከሩት።