የሂርማታ ቦንዳ ጫማ ለሰሜን ተራሮች ይበቃል?

ከጅማ ተነስቶ የሰሜን ተራሮችን በእግር ለሚጎበኝ ሰው የከተማዋ ሂርማታ ገበያ ቦንዳ (ያገለገለ) የተራራ ጫማ ጥሩ ምርጫ ነው፤ በተለይ ሐሙስ፣ ገበያው ሲደምቅ። ቆዳው ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው። ችግሩ ሶሉ ላይ ነው። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ለስላሳው የመሃል ሶል ሳይለበስ ቢቀመጥ እንኳ እርጥበት እየበላው ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል፤ የጅማ አየር ደግሞ እርጥብ ነው። ላዩ አዲስ መምሰሉ አያታልላችሁ። በአውራ ጣት ጫን አድርጉት፤ ከተሰነጠቀ ወይም ዱቄት ካራገፈ ተዉት፣ ጫማ ሰፊም አያድነውም። ማስቲሹ ብቻ ከለቀቀ ግን ዙሪያውን በወፍራም ክር አሰፉት፤ የመርፌው ቀዳዳ ውኃ እንዳያስገባ ሰም ይቀባ።

ስትለኩት ወፍራም ካልሲ አድርጉ። ከጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ካልተረፈ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ይጠቁራል። ከጉዞው በፊት ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ ተራመዱበት።

ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሰሜን ተራሮች ውስጥ ያለው ጨነቅ ካምፕ ግን 3,600 ገደማ፤ ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል ጫማው ድንኳን ውስጥ ይደር። እሳት ዳር አታድርቁት፣ ማስቲሹ ይለቃል።